መምህር ተሰማ የተሸከሙት ድንጋይ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የከበደኝ ሥራ መፍታቱ አይደለም። የሚነሣልኝ ሰው ማጣቴ ነው። ዳኛ ወደ ችሎት ሲገባ ሕዝቡ ብድግ ይላል፤ ሲወጣም ብድግ ይላል። ዕድሜ ልኬን ሲነሡልኝ ኖሬ አሁን ጎንደር በተከራየኋት ቤት ጠዋት ከመኝታዬ ወደ ሳሎን ብቅ ስል ወንበሮቹ ንቅንቅ አይሉም። መሥሪያ ቤቱ በሽኝቴ ቀን አቅሙ የፈቀደውን አደረገልኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፣ አንዲት ወጣት ዳኛ ተነሥታ "በሥራ ዘመንዎ የማይረሱትን አንድ መዝገብ ይንገሩን" አለችኝ። እኔም ስለ አንድ የግመል ክስ አውርቼ አሳቅኳቸውና ተቀመጥኩ። የማልረሳው መዝገብ ኬክ እየተበላ የሚወራ አልነበረም።

ሕግ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። በደርግ ዘመን ተመርቄ ስወጣ ምድቤ መተማ ሆነ። ይህን የሰሙ ጓደኞቼ እንኳን ደስ አለህ ማለቱን ትተው አጎበር ገዙልኝ። ችሎቱ የሚቀመጠው ከመተማ ወዲህ ሸሕዲ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ ድሮ የጥጥ መጋዘን በነበረ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲንጣጣ ምስክሩ የሚለው አይሰማም። ደመወዝ ከጎንደር በአውቶቡስ ይመጣል፤ አንዳንዴም አይመጣም። የበረሃ አበል የምትባለዋ ለወባ ክኒን ትበቃ ነበር። ስለ ደመወዝ ይህን ካልኩ ይበቃኛል።

ልለምደው ያልቻልኩት ብቸኝነቱን ነው። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር የወረደው የጉልበት ሠራተኛ ከተማውን ይሞላዋል። መንገድ ዳር ያድራል፣ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ አብርሃ ጅራና ወደየእርሻው ይጫናል። አጨዳው ሲያልቅ ሁሉም ወደ አገሩ ይገባል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ እኔ ብቻ መንገድ ላይ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። ዳኛ ነኝና ከነጋዴ ጋር ሻይ ብጠጣ "ጉቦ በላ" ይባላል፤ ከፖሊስ ጋር ብታይ ይብሳል። ስለዚህ ከሥራ መልስ ደጄ ላይ ወንበር አውጥቼ የሚያልፈውን መኪና ሳይ አመሻለሁ።

እንዲህ ተቀምጬ ሳለሁ ነው አንድ ቀን ከጎንደር የመጣው አውቶቡስ ቆሞ አንድ ረጅም፣ ፀጉረ ነጭ ሰው ሻንጣቸውን ራሳቸው ተሸክመው የወረዱት። ዓይኔን አላመንኩም። መምህር ተሰማ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር። ተማሪው ሁሉ ይወዳቸው ነበር። እኔም እወዳቸው ነበር፣ ምንም እንኳ ሲ የሰጡኝ እርሳቸው ቢሆኑም። በወጣትነታቸው ኮርያ ዘምተው አንድ ጆሯቸውን መድፍ ደፍኖት ነው የተመለሱት።

"መምህር፣ ምን እግር ጣለዎት?" አልኳቸው።

"ተመድቤ ነው" አሉኝ። "በአንድ ስብሰባ ላይ ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድበትም ብዬ ተናገርኩ። እነሱም ይህን ያህል መስማት ከወደዱ ብለው ዳኛ አደረጉኝ።"

የምደባ ወረቀታቸውን ሳነብ ደነገጥኩ። የእኔ ረዳት ዳኛ ሆነው ነው የተላኩት። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ልጅ የሆንኩት፣ ሲ ያገኘሁት እኔ! ሦስተኛው ዳኛ አብዛኛውን ጊዜ በወባ ተኝቶ ፍርድ ለመፈረም ብቻ የሚነሣ ሰው ስለ ነበር ችሎቱን የያዝነው ሁለታችን ነበርን። ችሎት ላይ "ክቡር ሰብሳቢ" ይሉኛል፤ እኔ አፍራለሁ፣ እርሳቸው በዓይናቸው ይስቃሉ። ቤት ስንገባ "አንተ ልጅ፣ ውሃ አምጣ እስቲ" ይሉኛል። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። አንድ ጭቃ ቤት ተከራይተን ሁለት የሱዳን የገመድ አልጋ ደጅ አውጥተን እናድር ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ወራት ያለ ጊዜ አላሳለፍኩም።

ሥራውን ያስተማሩኝ እዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሕጉን ብቻ ነበር። በደህና ጆሯቸው በኩል ምስክሩን ያስጠጉታል፤ "ና፣ ጠጋ በል፣ አልሰማም" ይሉታል። መጀመሪያ ለጆሯቸው ብለው ይመስለኝ ነበር። ቆይቼ ሳስተውል ግን፣ ከሩቅ ሆኖ ሕዝብ እየሰማው የሚጮኽ ምስክር ቀርቦ በጆሮ ሲናገር ቃሉ ይለወጣል። ምስክሩ ሲናገር አይጽፉም፤ ፊቱን ያያሉ። ጨርሶ ዝም ሲል እርሳቸውም ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ሲረዝም ምስክሩ የሆነ ነገር ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ እውነቱ ያቺ የተጨመረችው ናት።

ፍርድ ሲጽፉ ደግሞ የሚጀምሩት ከተሸናፊው ነው። የተሸነፈው ሰው ያለውን ሁሉ፣ እርሱ ራሱ ካለው አሳምረው ይጽፉታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለምን እንዳልተቀበሉት የሚያስረዱት። "ተሸናፊ የራሱን ቃል ፍርዱ ውስጥ ካላገኘ ይግባኝ የሚለው ለጠመንጃ ነው" ይሉኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ጻፍኩ። አሁን ያሉት ልጆች ፍርድ ረዘመ ብለው ያሙኝ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ይሙኝ።

አሁን ወደዚያ መዝገብ ልግባ።

ከአብርሃ ጅራ ወገን አያ ካሴ የሚባሉ የተከበሩ ገበሬ የበኩር ልጃቸው በሰሊጥ ክምር አጠገብ በጥይት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ተይዞ የቀረበው ማለደ የሚባል የትራክተር ነጂ ነው። ማለደ የእመት ብርነሽ ልጅ ነበር። እመት ብርነሽ ሸሕዲ ዳር የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻ ያሏቸው ሴት ናቸው። ታናሹ ጌጤ ይባላል። በሟችና በማለደ መካከል ቀደም ሲል የወሰን ጠብ ነበረ፤ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ግን አንድ ብቻ ነበር። ከጎጃም የወረደ የእርሻ ዘበኛ ነው፤ "በጨለማ የማለደን ድምፅ ሰማሁ" አለ።

መምህር ተሰማ እንደ ልማዳቸው አስጠጉት።

"ያን ጊዜ ትራክተሩ ይሠራ ነበር?"

"አዎ ጌታየ፣ ይሠራ ነበረ።"

"ትራክተር እየጮኸ ድምፅ ትለያለህ?"

ዘበኛው ዝም አለ። እርሳቸውም ዝም አሉ። ቆርቆሮው ተንጣጣ።

"እኔስ ጌታየ…" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የሰማሁት ተኩሱን ነው። ማለደ ነው ያሉኝ ሰዎች ናቸው።"

ከዚህ በኋላ የሚፈረደው የታወቀ ነበር። ልጁን ማን እንደ ገደለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ማለደ ለመግደሉ ግን ማስረጃ አልነበረም፤ በነጻ አሰናበትነው። ፍርዱን የጻፉት መምህር ተሰማ ናቸው። የዐቃቤ ሕጉን ቃል ከዐቃቤ ሕጉ አሳምረው ጻፉት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ መጋዘኑ በሰው ጢም ብሎ ሳለ አነበብኩት። በግራ በኩል አያ ካሴና ሁለተኛው ልጃቸው ሞላ ተቀምጠዋል። ሞላ ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ፀጉሩን አልተላጨም። በቀኝ እመት ብርነሽ አሉ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተዋል።

የማለደ ካቴና ሲፈታ መምህር ተሰማ ደስታቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሰው ከሞት ሲያመልጥ ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው አውቅ ነበር። ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው፣

"እመት፣ እልል ይበሉ እንጂ! ልጅዎ ነጻ ወጣ!" አሉ።

እመት ብርነሽ ቀና ብለው አዩዋቸው። ወደ አያ ካሴ ወገን አዩ። እንደገና ወደ ዳኛው አዩ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት ሐጂ ኢድሪስ፣ ለሁለቱም ቤቶች ጨውና ስኳር የሚሸጡት ባለሱቅ፣ በእጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ይህን አየሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ዳኛ ያዘዘውን ማን እምቢ ይላል? እመት ብርነሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱና አንድ ጊዜ እልል አሉ። ቀጭን፣ የተሰበረ እልልታ ነበር። ሞላ ተነሥቶ ወጣ።

ደጅ ላይ አንዱ ፖሊስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ጌታየ፣ እዚህ አገር ደም ሳይደርቅ በሟች ቤተ ሰብ ፊት እልል አይባልም" አለኝ። እንዴት አይባልም? ነጻ ወጥቶ የለ? አልኩት። "ነጻ መውጣቱማ ወጣ። የእናንተ ፍርድ ያለቀ ነው። የሞላ ገና መጀመሩ ነው" አለኝ። ያንኑ ቀን ለመምህር ተሰማ ነገርኳቸው። እጃቸው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጡ። "ማለደ የት ነው?" አሉ። ወደ እርሻው በጭነት መኪና ሄዷል። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ሰው እንዲላክለት ለመንን፤ መኪና የለም ተባልን።

ማለደ የተገደለው ከመኪናው ሲወርድ ነው። ሞላ መንገድ ላይ ጠብቆት ገደለውና ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ገባ። ወሬው የደረሰን ችሎት ላይ ነው፤ ፖሊሱ ገብቶ በጆሮዬ ነገረኝ፤ እኔም በደህናው ጆሯቸው ለመምህር ተሰማ ነገርኳቸው። ፊታቸው ቆሞ ሲናገር የነበረውን ምስክር አላቋረጡትም። እስኪጨርስ ሰሙት፣ አመሰገኑት፣ አሰናበቱት። ሰው ሁሉ ሲወጣ እርሳቸው ወንበራቸው ላይ ቀሩ። እስኪመሽ አልተነሡም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ይህን ተረት ከዚያ ቀን በኋላ በቀልድ ተናግሬው አላውቅም።

የማለደ ቀብር ሳያልፍ ጌጤ ጠመንጃ ይዞ ጫካ ገባ። ሞላን ሱዳን ድረስ ሄዶ አያገኘውም፤ ከአያ ካሴ ቤት የሚያገኘውን ማንንም ሰው ሊገድል ነው። ከዚያ ደግሞ እርሱ ይገደላል፤ የእመት ብርነሽ ቤት ይዘጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሸሕዲ ውስጥ አልነበረም። ፖሊሶቹም ያውቃሉ፤ ጫካው ግን ሰፊ ነው።

መምህር ተሰማ ሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው።

"ሐጂ፣ እዚህ አገር የበደለ ሰው ምን ያደርጋል?" አሏቸው።

"ኡስታዝ፣ እርስዎ ዳኛ ነዎት። ዳኛ አይክስም።"

"ዳኛ ሲበድልስ?"

ሐጂ ኢድሪስ ሚዛናቸውን እየነካኩ ቆዩ። "ወላሂ፣ አይቸ አላውቅም" አሉ። "ሌላው ሰው ግን ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው ደጅ ይቆማል። የተበደለው ድንጋዩን ካወረደለት ይቅር አለው ማለት ነው። ካላወረደለት ይቆማል። እመት ብርነሽ ድንጋይ ካወረዱ ጌጤ የእናቱን ቃል አያልፍም፤ ለዕርቅ ይገባል። ግን እኮ ኡስታዝ፣ እርሳቸው ልጃቸው ሞቶባቸዋል።"

ማታ ቤት ገብተን ድንጋዩን እንዳይሸከሙ ለመንኳቸው። የወረዳው ካድሬ ሰምቶ መልእክት ልኮብኝ ነበር፤ "አብዮታዊ ፍርድ ቤት ዳኛውን በድንጋይ ያንበረክካል ወይ?" ብሎ። እኔም ደግሞ በራሴ ፈርቼ ነበር።

"መምህር፣ ፍርዱ እኮ ትክክል ነው" አልኳቸው።

"አዎ፣ ትክክል ነው። ነገም ማለደ ቢቀርብልኝ በነጻ አሰናብተዋለሁ" አሉኝ። "እኔ ይቅርታ የምጠይቀው ስለ ፍርዱ አይደለም። ፍርዱን ከፈረድኩ በኋላ ስለ ተናገርኩት ነው። እነዚህን ሁለቱን አትቀላቅላቸው።" ቀጥለውም "ለተማሪ ስንት ጊዜ ችሎት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣልኩ" አሉ። "ዳኛው እዚህ፣ ዐቃቤ ሕጉ እዚህ፣ ተከሳሹ እዚህ እያልኩ። የሟች ወንድም የት እንደሚቀመጥ አንድም ቀን አልሣልኩም።"

በማግስቱ ጠዋት ከወንዝ ዳር ድንጋይ መረጡ። ትንሽ ቢሆን እያልኩ ሳጉረመርም "ከዚህ የከበደ ተሸክሜ አውቃለሁ" አሉኝ። ኮርያ ውስጥ የቆሰለ ጓደኛቸውን ከተራራ ላይ እስከ ታች ተሸክመው እንደ ወረዱ ያን ዕለት ነገሩኝ። ታች ሲደርሱ ጓደኛቸው ሞቶ ነበር። ከዚያ በፊት ይህን ለማንም ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ በገበያው መካከል አለፉ። አንዳንዱ ሳቀ። ከደጋ የወረዱት ሠራተኞች ዳኛ መሆናቸውን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የእመት ብርነሽ አጥር ደጅ ደርሰው ቆሙ። እመት ብርነሽ ወጥተው አዩዋቸውና ተመልሰው ገቡ። ፀሐዩ ሲያይል የጎረቤት ሴት ውሃ አመጣችላቸው፤ እንደ ጎነበሱ ጠጡ። ሲመሽ ድንጋዩን እዚያው አስቀምጠው ተመለሱ። በማግስቱም ሄዱ። እኔ ችሎት ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ቀጠሮ እሰጥ ነበር፤ ሲመሽ እየሄድኩ እደግፋቸውና ቤት እናመራለን። አንገታቸው ቆስሎ ቅቤ እቀባቸው ነበር። ገበያው ውስጥ መሳቁ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ።

ያወረዱላቸው ቀን እኔም ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ነው። እመት ብርነሽ ወጥተው ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

"ጌታው፣ ይህን ባወርድልዎ የቀረው ልጄ ከጫካ ይመለሳል?" አሏቸው።

መምህር ተሰማ እንደ ጎነበሱ "አላውቅም፣ እመት" አሉ።

"ፖሊሱም ይመለሳል አለኝ። ካድሬውም አርፈሽ ተቀመጭ፣ ይመለሳል አለኝ። ቄሱም እንዲያው። አላውቅም ያለኝ አንቱ ብቻ ነዎት።" ዓይናቸው ደረቅ ነበር። "ያን ዕለት እልል ስል እያወቅሁ ነው እኮ ያልሁት። እያወቅሁ፣ ዳኛ ፈርቸ። እኔም አለሁበት።"

"የሉበትም!" አሉ መምህር ተሰማ። "የኔ ነው። ለብቻዬ ነው የምሸከመው።"

እመት ብርነሽ በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ያዙ። ከብዷቸው ተንገዳገዱ፤ ልረዳቸው ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የመምህር ተሰማን የቆሰለ አንገት አዩና "ኧረ ምነው፣ አንተ ሰውየ! ሰው የለህም እንዴ?" አሏቸው። አንቱታው ቀረ። አስገቧቸውና ቁስላቸውን አጠቡላቸው።

ጌጤ የእናቱን ቃል ሰምቶ ከጫካ ወጣ። ሐጂ ኢድሪስ በሁለቱ ቤቶች መካከል ተመላልሰው ሽማግሌ አስቀመጡ። ዕርቁ በዛፍ ጥላ ሲጀመር የሽማግሌዎቹ አለቃ "ከማለደ ወገን ተናጋሪው ማነው?" ብለው ጠየቁ። ልማዱ የሥጋ ዘመድ የሆነ ወንድ ተቀምጦ ለሟች እንዲናገር፣ ለዕርቁም ዋስ እንዲሆን ነው። ጌጤ ባለደም ስለ ሆነ አይናገርም። እመት ብርነሽ ወንድም የላቸውም።

"ወንድሜ ይኸው አለ" አሉና መምህር ተሰማን አሳዩ።

ማንም አልተከራከረም። መምህር ተሰማ ተቀመጡ፤ ስለ ማለደ ተናገሩ። በሕግ ቋንቋ አልተናገሩም። እናቱን የሚጦር እንደ ነበር፣ ትራክተሩን እንደ ፈረስ ያጥብ እንደ ነበር፣ ሰው እንዳልገደለ ተናገሩ። ከዚያ አያ ካሴ ስለ ልጃቸው ተናገሩ። ሁለቱም ሲናገሩ ሌላው ወገን አላቋረጠም። ጌጤ ጠመንጃውን ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር አስቀመጠ። አያ ካሴ ሞላ ከሱዳን እንደማይመለስ፣ ቢመለስም እርሳቸው ራሳቸው ለሕግ እንደሚያስረክቡት ማሉ። ደሙ ደረቀ። ዋሱ መምህር ተሰማ ሆኑ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐጂ ኢድሪስ ቤታችን መጡ። ጎንደር ላይ ስማቸው እየተጠራ መሆኑን ሰምተዋል። ዳኛ ሆኖ ለኋላ ቀር ልማድ ተንበርክኳል፣ ሕገ ወጥ ስብሰባ መርቷል ተብሏል።

"ኡስታዝ፣ ድንበሩ እኮ ሩቅ አይደለም። ማዶው ሱዳን ነው። ዘመዶች አሉኝ፤ በአህያ አሻግርዎታለሁ" አሏቸው።

"ብሄድ ዕርቁ ምን ይሆናል?" ብለው ጠየቁ መምህር ተሰማ።

ሐጂ ኢድሪስ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ያዙ።

"ዋሱ ከሸሸ ዕርቁ ፈረሰ ማለት አይደለም?"

"ነው" አሉ ሐጂ፣ መሬት መሬት እያዩ። "ይፈርሳል።"

"ቢወስዱኝስ?"

"ከተወሰዱማ ሌላ ነው። የተወሰደ ሰው አልሸሸም።"

"እንግዲያስ ተስማማን" አሉ። እኔ ግን አልተስማማሁም። ሐጂ ከወጡ በኋላ ጮኽኩባቸው። ይሂዱ አልኳቸው፤ ጌጤ የራሱን ነገር ይወቅ አልኳቸው፤ እኔስ አልኳቸው፤ እኔን ከዚህ በረሃ ላይ ለማን ጥለውኝ ይሄዳሉ አልኳቸው። ጌጤን ለማዳን ሲሉ እኔን ብቻዬን እንደሚያስቀሩኝ ነበር የተሰማኝ፤ እንደዚያም ነበር። አልተቆጡኝም። "ክቡር ሰብሳቢ፣ ቁጭ በል" ብቻ አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ እንደዚያ ጠሩኝ።

መኪናው የመጣው ጠዋት፣ ችሎት ልንገባ ስንል ነው። "ለጥቂት ጥያቄ ነው" አሏቸው። በዚያ ዘመን ለጥቂት ጥያቄ የተፈለገ ሰው እንዴት እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር። ሲሳፈሩ ወደ እኔ ዞረው "የዛሬው ቀጠሮ የሦስት ምስክር ነው፤ ሕዝቡን አታጉላላ" አሉኝ። አላጉላላሁም። ገብቼ ሦስቱንም ሰማሁ። አንዱም ያለው ትዝ አይለኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆላው ላይ ቆየሁ። ዝውውር ሲመጣልኝ እምቢ አልኩ፤ ሰዎች ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። ቤቱ ውስጥ ሁለት የገመድ አልጋ ነበር፤ አንዱን አላጠፍኩትም። በእመት ብርነሽ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር ያስቆሙኛል። "የወንድሜ ወሬ አለ?" ይሉኛል። የለም እላቸዋለሁ። "እንግዲህ በርታ" ይሉኛል። ጌጤ አገባ፣ ወለደ። የአያ ካሴ ልጆች ሰሊጥ ሲያጭዱ እርሱም አብሯቸው ያጭዳል። ዕርቁ አልፈረሰም። ዋሱ አልሸሸማ።

መንግሥት ሲለወጥ እስር ቤቶች ተከፈቱ ተባለ። ጎንደር ሄድኩ፣ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከወጡት መካከል የሉም። ካልወጡት መካከል ማን እንደ ነበረ የሚናገር አላገኘሁም። ተመልሼ ለእመት ብርነሽ ነገርኳቸው። አርጅተው ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል።

"ይበቃል" አሉ። "ሰው እስከ መቼ መንገድ ላይ ይጠበቃል? ልቅሶውን እናውጣለት።"

ደጃቸው ላይ ዳስ ተጣለ። አስከሬን የለም፤ አገራቸውን የሚያውቅ የለም፤ አልቃሿ የአባታቸውን ስም ብትጠይቅ ከእኔ በቀር የሚነግራት አልነበረም። ሰው ግን መጣ። ሸሕዲ ወጣ፤ ከአብርሃ ጅራ በጭነት መኪና ተጭነው መጡ፤ ሐጂ ኢድሪስ ልጆቻቸውን ሁሉ ይዘው መጡ። የአያ ካሴ ቤት ሙሉ በሙሉ መጣ፤ አያ ካሴም በምርኩዝ ተደግፈው ከፊት ናቸው። አልቅሰው ሲጨርሱ ዳሱ መግቢያ ላይ ቆሙና፣

"ባለ ሐዘኑ ማነው? ማንን እናጽና?" ብለው ጠየቁ።

እኔም ዞር ዞር ብዬ ተመለከትኩ፤ እመት ብርነሽን ይሆናል ብዬ መንገድ ለቀቅሁላቸው። እመት ብርነሽ ግን ከተቀመጡበት እጃቸውን ዘርግተው እኔን አሳዩ።

አያ ካሴ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ። አባትህ ነበሩ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው።